የሦስተኛው ረድፍ አግዳሚ

ቦልቴ አናጢ ነው ቢባል የወላይታ ሶዶ ሰው ግማሹ ይስቃል፤ ቆሻሻ ለቃሚ ነው እንጂ ይላል። እውነትም ወደ ኦቶና ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የእንጨት ሥራ ቤቱ አዲስ ጣውላ ገብቶበት አያውቅም። የፈረሰ ቤት መዝጊያ፣ የመድኃኒት ሣጥን፣ የአሮጌ አይሱዙ ጎን፣ ሁሉንም ለቅሞ አልጋና ኮመዲኖ ያደርገዋል። ደግሞ አይልገውም፣ ቫርኒሽም አያስነካውም። የምስማሩን ቀዳዳ እንኳ እንዳለ ይተወዋል። ጠባሳ የሌለው እንጨት ገና ምኑንም አላየም ባይ ነው። ሚስቱ አገርነሽ እንዲህ ባለ አልጋ ላይ ሃያ ዓመት ተኝታም የምትመኘው ከአዋሳ የሚመጣውን ባለመስታወት ነው።

በ1996 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናቸው ዘመነች። የልማት ዘመን አይደል? ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴውም ተሰብስቦ አግዳሚዎቹ ወጥተው የፕላስቲክ ወንበር እንዲገባ ወሰነ። እነዚያን የዝግባ አግዳሚዎች ግንዱን ከዱር በትከሻቸው አምጥተው የሠሯቸው የቦልቴ አባት ነበሩ። ክረምቱን ሙሉ ደጅ ላይ ዝናብ ሲወርድባቸው ዞር ብሎ ያያቸው ሰው አልነበረም። ቦልቴ ግን ባለፈ ቁጥር ሆዱ ይባባ ነበርና ለምኖ በጋሪ ወሰዳቸው። ኮሚቴው ግቢውን ስላጸዳለት አመሰገነው።

ከሁሉም ዝናብ ያልጨረሰው የሦስተኛው ረድፍ አግዳሚ ብቻ ነበር። ከእሱ የአንድ ልጁን የብሩክታይትን የሙሽራ አልጋ ሠራ፤ ረጅሙን መደገፊያም ራስጌ አደረገው። ብሩክታይት አረካ ለሚያስተምር ልጅ ልትዳር ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። እጇን ራስጌው ላይ አሳለፈችና፣ የአያቴ እጅ ነው ብላ አለቀሰች። ቦልቴም ዞር ብሎ መጋዝ መፈለግ ጀመረ። መጋዙ እጁ ላይ ነበር።

ታዲያ ወሬ መች ያርፋል? ደጅ ላይ ሲበሰብስ ማንም ያልፈለገው እንጨት አልጋ ሲሆን ጊዜ ቅዱስ ሆነ። ለእግዚአብሔር ቤት በተለየ እንጨት ላይ እንዴት ባልና ሚስት ይተኛሉ ተባለ። ነገሩ አረካ ድረስ ደረሰና የሙሽራው እናት፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አይቶ ኃጢአት የለበትም ካላለ በቀር ልጄ አይተኛበትም አሉ። አገርነሽም ባለመስታወቱን ግዛ ብዬህ ነበር ስትል ሰነበተች። ቦልቴ ፈራ። ኃጢአት ነው ከተባለ አልጋው ይቃጠላል፤ ከአባቱ እጅ የቀረ ሌላ ነገር ደግሞ የለውም።

እንዲያጣሩ የተላኩት የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አንጋፋው ሽማግሌ ጋሽ ይስሐቅ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሦስተኛው ረድፍ ጥግ ላይ የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ። ስብከት ሲጀመር ዐይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን መደገፊያው ላይ ጣል ያደርጋሉ፤ ሲያበቃ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው "አሜን" የእሳቸው ነው። መቼም ሽማግሌ ተኛ አይባልም፤ ያሰላስላሉ ይባል ነበር። የፕላስቲኩ ወንበር መደገፊያ ግን ከትከሻ በታች ስለሚቀር፣ እሱ ከመጣ ወዲህ ማሰላሰሉ ቀርቶ ፊታቸው ጠቁሯል።

እንግዳ ሳይበላ ነገር አይጀመርምና አገርነሽ መጀመሪያ ቅቤ የጠገበ ሙቹዋ፣ የወላይታን የክብር ምግብ፣ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር አቀረበች። ጋሽ ይስሐቅ ደህና አድርገው በሉ። ከዚያ ፍርዱን ሊሰሙ ከአረካ የመጡትን የሙሽራውን እናት አስከትለው ጓዳ ገቡ፤ አልጋውን ዞሩት፣ አንኳኩት፣ ጎንበስ ብለው ከሥሩ አዩት። በመጨረሻም አረፍ አሉበት። ራስጌው ጥግ ላይ የሠላሳ ዓመት ራስ የላጋት ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች። ቦልቴ ጠባሳውን ሁሉ እንደሚተው እሷንም ትቷታል።

"በጸሎት እንየው" አሉና ዐይናቸውን ጨፈኑ። ራሳቸውም ቦታውን አገኘ።

ጸሎቱ ረዘመ፤ ቀስ በቀስም ማንኮራፋት ጀመረ። ሰዎቹ ደፍረው አይቀሰቅሷቸው ነገር፣ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ብሩክታይት ጋቢ አምጥታ አለበሰቻቸው። አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ቦልቴ አላስችል ብሎት ጠጋ አለ።

"ጋሼ፣ እንግዲህ አልጋው ለልጄ ይሁን?"

ጋሽ ይስሐቅ ዐይናቸውን ሳይገልጡ፣ እንደ ልማዳቸው፣ "አሜን" አሉ።

ከአሜን በላይ ምን ይባላል? አልጋው በማግስቱ አረካ ገባ። በሳምንቱ ጋሽ ይስሐቅ ቦልቴ ዘንድ ብቅ ብለው፣ ከዚያ መደገፊያ ቁራጭ ተርፎ እንደሆነ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁት።