ድቃቂው ለጠራጊዋ

ስሜነሽን የሚያውቃት ሰው በእጇ ይለያታል። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ጤፉንና ገብሱን ተክቶ ኮረብታውን ካለበሰው ወዲህ፣ ከሰል ሳትነካ የዋለችው በዓል ሲሆን ብቻ ነው። ጥቁረቱ ከጥፍሯ ሥር ገብቶ እዚያው ቀርቷል። ለቅሶ ቤት ስትቀመጥ እጇን ከነጠላዋ ሥር ታደርጋለች።

የአባቷን መሬት ወንድሞቿ ተካፈሉት። ትምህርቷን ገና ማንበብ እንደ ለመደች ተወችው። ባሏ አየነው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ እንደ ወረደ ቀረ፤ ሞተም አልተባለ፣ አገባም አልተባለ። የቀራት ጉልበቷ ነበር፤ ያንን ይዛ ከሰል ቦታ ገባች።

የከሰሉ ሥራ ሥርዓት አለው። ባላገሩ ዛፉን በቁሙ ይሸጣል፣ ነጋዴው ይገዛል። ወንዶቹ ቆርጠው ይከምሩና ሣርና አፈር አልብሰው ያከስሉታል። ክምሩ ሲበርድ ሴቶቹ ይጠራሉ፤ ከሰሉን እየለቀሙ በጆንያ ይሞላሉ፣ አፉን በሣር ይደፍናሉ፣ በሲባጎ ይሰፋሉ። መኪናው ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ከሄደ በኋላ ከአፈርና ከጠጠር የተቀላቀለው ድቃቂ መሬት ላይ ይቀራል። እሱን ጆንያ የሞላችው ሴት ጠርጋ ትወስዳለች። ማን እንደ ደነገገው የሚያውቅ የለም። «ድቃቂው ለጠራጊዋ» ይባላል፣ በቃ።

ሌሎቹ ሴቶች ድቃቂውን እንዳለ ምድጃቸው ውስጥ ይጨምሩት ነበር። ስሜነሽ ግን ከዘይት ቆርቆሮ፣ በሚስማር እየበሳች ወንፊት ሠራች። ጠጠሩን ለየች፣ ድቃቂውን ከጭቃ ጋር አቡክታ አድበለበለች፣ በጓሮዋ ፀሐይ ላይ አሰጣች። ጭቃው ሲበዛ እሳቱ ይታፈናል፣ ሲያንስ ይፈረካከሳል፤ ልኩን እስክታገኝ አንድ ክረምት ሙሉ ቤቷን በጭስ አጥናለች። ቶሎ በይ የሚላት ሰው የሌለበት ሥራ ይኸው ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ግድም የእንጅባራ መናኸሪያ ሻይ ሻጮች ከእሷ መግዛት ጀመሩ። ዓመት ቢገፋ ጆንያ መሙላቱን ትታ በድብልብሏ ብቻ ልትኖር አሰበች። ሐሳቧን ለማንም አልተናገረችም፤ የተናገሩት ነገር አይሆንም ትላለች።

ነገሩን ያበላሸው ምስጋና ነው። ከሰል ነጋዴው ደጉ አንድ ቀን መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ሊጠጣ ተቀመጠ። ሻይ ሻጯ ምህረቴ ከጠዋት የለኮሰችው እሳት አሁንም ሻዩን ማንተክተኩ ገርሞት ከየት እንዳመጣችው ጠየቃት። ምህረቴም በደግ ልቧ የስሜነሽን ሙያ ዘርዝራ ነገረችው፤ ድቃቂ መሆኑን ሳይቀር።

በሳምንቱ ደጉ ከሰሉ ቦታ ድረስ መጣ። ከእንግዲህ ድቃቂውም ተጠርጎ ይጫናል፣ ዳንግላ ድቃቂ ጨምቆ የሚያድበለብል ማሽን አስገብቻለሁ አለ። ሴቶቹ ተያዩ። አፈ ስሏ ሸጋ፣ «ጋሽ ደጉ፣ አመዱንስ ይተዉልናል ወይስ ለሱም ማሽን አለው?» አለችው። ደጉ ሳቀና አመዱንም እንደሚያስብበት ነገራት። እሱ የአገሩን ቋንቋ አውንጊን አይሰማም፤ የቀረውን ስድብ በአውንጊ ጨረሱለት። ከዚያ መርፌያቸውን አስቀምጠው ጆንያው ላይ ተቀመጡ። መኪናው ሳይጫን ዋለ።

በማግሥቱ ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ ከፊት የተቀመጡት አያ ገብረ ማርያም ነበሩ። ሴቶቹ ስሜነሽ ትናገርልን አሉ። በዚህ አገር ሰው ሲለምን የሚለምነውን ያሳንሳል። በሬ የሚዋስ «ያን ከሲታህን» ይላል፤ ማር የሚጠይቅ «ለጉሮሮ ማርጠቢያ» ይላል። ነውር እንዳይሆንባት ስሜነሽም እንደ ደንቡ ጀመረች።

«አባቶቼ፣ ከሰሉን አልጠየቅን። ድቃቂ ምን አለው? ጥራጊ ነው። እኛ ባንወስደው ጎርፍ ይወስደዋል። የማይረባውን ተዉልን ነው።»

ደጉ ጎንበስ ብሎ ሽማግሌዎቹን እጅ ነሣ። «እሷው ጥራጊ አለችው። ለጥራጊ ብለው መኪና ያቆማሉ? ዛፉን የገዛሁ እኔ፣ ጥራጊዬን ራሴ ላንሳ።»

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። አያ ገብረ ማርያም ብትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ልጄ፣ በራስሽ አፍ ዋጋ የለውም ብለሻል። ዋጋ በሌለው ነገር ምን ብለን እንፍረድልሽ?»

ድቃቂውን ቁም ነገር ያደረገው ወንፊቷና የክረምቱ ጭስ እንደ ሆነ ስሜነሽ ታውቃለች። እንዴት ብላ ትናገረው? ስለ ራስ እጅ መናገር ኩራት ነው ተብላ ነው ያደገችው። ሽማግሌዎቹ ሲነሡ ነው የወጣላት።

«ዋጋ ያወጣለት የእኔ እጅ ነው፣ አያ።»

«ይህንንማ ቀድመሽ ነበር» አሉ፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ።

ሴቶቹ መርፌያቸውን አነሡ። ሸጋ እንኳ ወደ ስሜነሽ ሳታይ ጆንያዋን መስፋት ጀመረች። ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

ደጉ ክፉ ሰው አልነበረም። ማሽኑ ድቃቂውን ከነጠጠሩ እየበላ ሲሰበርበት፣ ወንፊት የምታውቀዋን ሴት ጥሩልኝ አለ። ስሜነሽ አንድ ቀን ሙሉ አሰበችበት፤ ጓሮዋ የሚሰጣ ነገር ካጣ ሰንብቷል። ወንፊቷን ይዛ በሚኒባስ ዳንግላ ወረደች። አንድ ብረት በያጅ የእሷን አይቶ እዚያ ለሚሠሩት ሌሎች ሴቶች ወንፊት ሠራ። አሁን ሁሉም ተሰልፈው ይነፋሉ። «ቶሎ በሉ» የሚል ሰው ከኋላቸው ይቆማል። የጭቃውን ልክም ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ዝም ብትል ምን ታተርፋለች?

የምህረቴ ምድጃ ላይ ዛሬ የሚነደው የደጉ ድብልብል ነው። ክረምት ሲገባ፣ የእንጅባራ ብርድ አጥንት ሲሰብር፣ ስሜነሽም እንደ ሰዉ ከሱቅ ገዝታ ታነዳለች። ደህና ይነዳል።

ማታ ሥራ ሲያበቃ ሴቶቹ በር ላይ ነጠላቸውን ያራግፋሉ፤ ድቃቂ ይዘው እንዳይወጡ ነው። ጥበቃው ባንተአምላክ ለስሜነሽ በእናቷ በኩል ዘመዷ ነው። በመጀመሪያው ቀን ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ «እቴ፣ ታዝዤ ነው» ብሏት ነበር።

አሁን ሳይላት ታራግፋለች።