ምች ነው ያልኩት

የሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ሳለሁ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ከሰል መርዝ ከእኔ በላይ አዋቂ አልነበረም፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ አምን ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። በየሳምንቱ ለውይይት እንሰበሰባለን፤ ስለ ወዛደሩ ሲወራ ግማሹ ያንቀላፋል። አንድ ቀን ሰብሳቢው «ለተማሪው ጤና የሚጠቅም ነገር የሚያቀርብ አለ?» ሲል እጄን አወጣሁ። ብዙዎቻችን ከተማ ውስጥ ተከራይተን ነበር የምንኖረው፤ ዝናብ ሲመጣ የከሰል ምድጃችንን ወደ ቤት እናስገባለን።

ጠመኔ ይዤ ቆምኩ። «ጓዶች፣ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀላ ደኅና ይመስላችኋል፤ መርዙ ግን አለ። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያስመልሳል፤ ከዚያ እስከ ወዲያኛው ያስተኛል» አልኩ። አንዱ «ጨው ብንነሰንስበትስ?» አለ። «ጨው ለወጥ ነው፤ ለከሰል መስኮት ክፈት» አልኩት። አዳራሹ ሳቀ፣ ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ጓድ ከሰል» ሆነ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ከባሕር ዳር አቅራቢያ ካለችው ከመሸንቲ የመጣ የቄስ ልጅ ነው። ያን ቀን ከፊት ተቀምጦ ይሰማኝ ነበር።

ሰኔ ላይ፣ አንድ እሑድ፣ ሐይቁ ዳር ልብሳችንን ስናጥብ አረፈድን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቤት ገብተን ምሳ እንደበላን ዝናቡ መጣ፤ እርጥቡን ልብስ ለማድረቅ ከሰሉን አስገባን። እኔ ሱቅ ደርሼ ስመለስ ጓደኛዬ ራሱን ይዞ ተጋድሟል። «ፈለጠኝ፣ አጥወለወለኝ» አለ። ወዲያው አስመለሰው።

እኔ ምን አልኩ? «ምች ነው።» ፀሐይ ላይ ውሎ፣ ላቡ ሳይደርቅ በልቶ፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እናቴ ቤት ራስ ምታት ሁሉ ምች ነበር። ከአከራያችን አጥር ሥር ዳማከሴ ቀጥፌ መጣሁ፤ በመዳፌ አሽቼ ጭማቂውን አፍንጫው ውስጥ ጠብ አደረግኩለት። ምች የመታው ሰው ነፋስ ሊነካው አይገባም ይባላልና መስኮቱን ዘጋሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ጋቢ ደረብኩለት። ላብ እንዲያወጣው ብዬም ከሰል ጨመርኩ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል።

«መስኮቱን ክፈተው» አለኝ ከጋቢው ሥር። «ከሰሉ ነው።»

«ዝም ብለህ ተኛ! ከሰልን ለእኔ ልትነግረኝ ነው?» አልኩት። ይህን ማለቴ ትዝ ሲለኝ ዛሬም የምገባበት ይጠፋኛል።

ጋቢውን ገፍፎ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ በሩ ጋ ደረሰ። ከፈተና ጭንቅላቱን ወደ ዝናቡ አወጣ። ልከለክለው ስነሳ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ያኔ ነው የገባኝ። እኔም ደጃፉ ላይ ከጎኑ ወደቅኩ። ጭቃው ላይ ሁለታችንንም ሲያስመልሰን ቆየ።

ለማንም አልተናገረብኝም። በሳምንቱ እናቱ መታመሙን ሰምተው ከመሸንቲ መጡ። እሱ እኔን ላለማሳፈር «ምች ነበር፤ ዳማከሴ አሽቶ ያስታመመኝ እሱ ነው» ብሏቸዋል። አንድ ጠርሙስ ማር አስያዙኝና እጄን ሊስሙ ጎንበስ አሉ።

«ልጄን ከሞት ያወጣህልኝ አንተ ነህ አሉ። በዳማከሴ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። እኔም ትንንሾቹን ምች ሲመታቸው እንዲሁ ነው የማደርግ፤ ከሰሉን አስገብቼ፣ በሩን ጥርቅም አርጌ።»

ጓደኛዬ አቀረቀረ። ማሩ እጄ ላይ ነው። ዝም ብል ክብሬ ይተርፋል፤ መሸንቲ ያሉት ሕፃናት ግን በር ተዘግቶባቸው ከከሰሉ ጋር ይተኛሉ።

«እናቴ፣ ምች አልነበረም» አልኳቸው። «ከሰሉ ነው ያፈነው። መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ በሩን የከፈተው ልጅዎ ራሱ ነው። እባክዎ፣ ከሰል አስገብተው በር አይዝጉባቸው።»

ቁጣ ጠብቄ ነበር። «እሽ፣ ከእንግዲህ አልዘጋም» ብቻ አሉ። ከዚያ ግን፣ ሊነኩኝ ብለው ሳይሆን ከልባቸው ግራ ገብቷቸው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ።

«ስለ ከሰል ያስተማረን ጓደኛ አለኝ ይል ነበር ልጄ። እሱ ሌላ ነው?»

«እኔው ነኝ» አልኳቸው።