በባልዲ ምልክት የተወዳደርኩበት ምርጫ

ለከተማው ምክር ቤት በግል ልወዳደር እንደሆነ መጀመሪያ የነገርኩት ለአባቴ ነው። አባቴ ጎንደር ውስጥ ከአያቱ በወረሰው ሱቅ ጨርቅ ይነግዳል። አቡጀዲ እየለካ ነበር፤ ሜትሩን ከእጁ አላስቀመጠም።

“ምን ልትሸጪላቸው ነው?” አለኝ።

“ንጹህ ወንዝ።”

“ያልተለመደ ዕቃ ነው” አለና ወደ ልኬቱ ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ “ለማንኛውም ከእኔ ደንበኞች ጀምሪ። ሴቶቹ ይሰሙሻል” አለኝ።

የተማርኩት የአካባቢ ሳይንስ ነው። ሥራዬ ከየወንዙና ከየምንጩ የመጣ ውሃ ላቦራቶሪ ውስጥ መመርመር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ከሰፈሬ ሰዎች ጋር ወርደን፣ ከቤታችን ሥር የሚያልፈውን ወንዝ እናጸዳለን። ፌስታልና ጨርቃ ጨርቅ እየለቀምን በየባልዲያችን እንሞላለን፤ ዳር ዳሩን ችግኝ እንተክላለን። ግን ምን ዋጋ አለው፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይቆሽሻል። በሰፈሩ የቆሻሻ ገንዳ ስለሌለ ሰው ያገኘውን ሁሉ የሚጥለው ወንዙ ውስጥ ነው። አንድ ቅዳሜ ወገቤን ይዤ ቀና ስል፣ አብራኝ የምትለቅም ጎረቤቴ፣ “እዚህ ከምትጎብጪ ምክር ቤት ገብተሽ ብትናገሪ አይሻልም?” አለችኝ። በቀልድ የተጀመረው ነገር እንዲያ እንዲያ እያለ ዕጩ አደረገኝ።

የምርጫ ምልክት አቅርቢ ስባል ባልዲ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ስሜ ቀረና “ባልዲዋ” ተባልኩ። ሴቶቹ ባልዲያቸውን ከየደጃፋቸው አጥር ላይ ይሰቅሉልኝ ጀመር። አንድ መምሬ መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ “እግዜር ባልዲሽን ይሙላልሽ” ብለው መረቁኝ፤ እኔም “አሜን” ብዬ እየሳቅሁ አለፍኩ።

የምርጫ ስብሰባችንን ያደረግነው በዕድሩ ድንኳን ውስጥ ነው። በፓርቲ የቀረቡት ተፎካካሪዬ በልጅነቴ ሒሳብ ያስተማሩኝ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። እኔ ከከተማው በታች፣ ጠዳ አካባቢ የውሃ ናሙና ስወስድ የተዋወቅኋቸውን አንድ ሽንኩርት አምራች ገበሬ ጋብዤ ነበር።

“አያ፣ እስቲ እርስዎ ይናገሩ” አልኳቸው።

ሽማግሌው ተነሡና ከጆንያቸው አንድ ቀይ የሴት ጫማ አወጡ።

“እኔ እዚህ ድምፅ የለኝም” አሉ። “ወንዛችሁ ግን እኔው ማሳ ድረስ ነው የሚመጣው። ክረምት በገባ ቁጥር ፌስታሉንም ጫማውንም ያመጣልኛል። ይኸ እንኳ ሸጋ ጫማ ነው። ምነው አንዱን ብቻ ሰደዳችሁልኝ? ሁለቱንም ብትሰዱት ልጄ ትጫማው ነበር።”

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሳይበርድ ከመሐል አንዲት ሴት ተነሥታ ጫማውን ተቀበለችና አገላብጣ አየችው።

“የኔ ነው” አለች። “ስሻገር ደራሽ ውሃ የወሰደብኝ። ሌላው ቤት አለ። የልጅዎ የጫማ ቁጥር ስንት ነው?”

ሽማግሌው ያን ቀን ጫማውን ከነጥንዱ ይዘው ወደ ጠዳ ተመለሱ። እኔ ያዘጋጀሁትን ንግግር ማንም የሰማው አይመስለኝም፤ እኔም አልከፋኝም።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ የጭነት መኪና ከወንዙ አፋፍ ላይ አዳዲስ የቆሻሻ ገንዳ ሲያወርድ አየሁ። ተፎካካሪዬ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ከሠራተኞቹ ጋር ይገፋሉ። ጎረቤቴ ተናዳ፣ “ሐሳባችንን ሰረቁን እኮ” አለችኝ። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ጠጋ ብዬ፣ “መምህር፣ ይኼ የኔ ቅስቀሳ ነው” አልኳቸው።

“አውቃለሁ” አሉኝ ላባቸውን እየጠረጉ። “ዕድሜ ልኬን ኩረጃ ስከለክል ኖሬ፣ በስተርጅና እኔው ኮረጅኩ።”

ቦርሳዬን አስቀምጬ ከጎናቸው ሆኜ ገፋሁ።

በምርጫው እሳቸው አሸነፉኝ። ውጤቱ በምርጫ ጣቢያው በር ላይ ተለጥፎ ሳየው ሁለቴ ደግሜ አነበብኩት። ቤት ስደርስ ግን እናቴ፣ “ላሸነፈችም ለተሸነፈችም ምሳ ምሳ ነው” ብላ የሰፈሩን ሰው ጠርታ ጠበቀችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሥጋው የእስላም፣ የክርስቲያን እየተባለ ሁለት ቦታ ይሠራ ነበር። ያን ሰሞን ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሁዳዴን ይጾሙ ስለነበር የቀረበው ሽሮና ምስር ነው፤ ሁላችንም ከአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጥን። ገና መብላት ስንጀምር መምህሩ በሩ ላይ ቆመው ሰላምታ ሰጡ።

እናቴ ቦታ እየለቀቀችላቸው፣ “የልጄን ወንበር ወስደው፣ አሁን ደግሞ ምሳዋን?” አለቻቸው።

እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡና የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ አጎረሱኝ። የምለው ብዙ ነበር፤ ጉርሻው ግን ትልቅ ስለነበር መጀመሪያ እሱን አላመጥኩ።