ማራገቢያ የሌላት ላፕቶፕ

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር፤ የካዛንቺሱ መንደራችን ሊፈርስ ቀን የተቆረጠለት ሰሞን። ጎረቤቱ በሩንና ቆርቆሮውን የሚገዛው ሰው ሲያፈላልግ እኔ በስልኬ እየዞርኩ እቀርጽ ነበር። በሩን፣ ቧንቧውን፣ ልጆች ኳስ የሚለጉበትን ግድግዳ፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጎመን የምትቀነጥሰውን ሴት ሁሉ። ሥራውን የሰጡኝ የእድራችን ዳኛ ናቸው።

“ልጄ፣ እንግዲህ አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ መበተናችን ነው” አሉኝ። “የመጨረሻው ስብሰባ ላይ ሰው ሰፈሩን አይቶ ይለያይ። ለስቱዲዮ ይሰጥ የሚሉ አሉ። እኔ ግን የራሳችን ልጅ እያለችልን ብያለሁ። አታሳፍሪኝም አይደል?”

“ኧረ በደስታ ጋሼ!”

ቪዲዮ መቁረጥና መቀጠል ማንም አላስተማረኝም። ባምቢስ አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ሳለሁ፣ ባለቤቱ ምሳ ሲወጣ በእሱ ኮምፒውተር እየሞከርኩ፣ ከስልኬ እያየሁ የለቀምኩት ነው። በሰፈሩ ግን የምታወቀው “ያቺ ትምህርት ያቋረጠችው” ተብዬ ነበር። ሰዉ ሳይበተን፣ አንድ ቀን እንኳ፣ “ያቺ ሰፈራችንን የሠራችልን” እንዲለኝ ፈለግሁ። በቃ፣ የፈለግሁት ይሄንኑ ነበር።

ለዚህ ደግሞ የራሴ ላፕቶፕ ያስፈልገኛል። የአክስቴ ልጅ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ያገለገሉ ላፕቶፖች ይሸጣል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ ከልጇ ጋር በአንድ ትሪ በልቼ፣ በአንድ ብርድ ልብስ ተኝቼ ነው ያደግሁት። ሌላ ሱቅ መሄድ በሐሳቤም አልመጣም። ሱቁ ሄጄ አንዱን ወፍራም፣ መልከ ጥፉ፣ ከባድ ሥራ ሲሰጡት ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት የሚጮህ መረጥኩ። እዚያው ቁጭ ብዬ አንድ ረጅም ቪዲዮ አስጨረስኩበት። ፍንክች ሳይል ጨረሰው፤ ወንድ ነው! “ይሄ የእኔ ነው፤ ለማንም እንዳትሰጥብኝ” ብዬ ከፍዬ ወጣሁ። እሱም ቻርጀሩን ቀይሮ ራሱ እኛ ቤት ድረስ ሊያመጣልኝ ተስማማን።

ያመጣው ግን ሌላ ነው። ቀጭን፣ ብርማ፣ እንደ ትሪ ጠፍጣፋ።

“ያኛውስ?” አልኩት።

“ስክሪኑ እንከን ወጣበት፤ ማለቴ፣ ለአንቺ እንከን ያለው ዕቃ እንዴት እሰጣለሁ? ይቺ ቀሽት ናት። ፕሮሰሰሯ ኮር ሰቨን ነው፣ ያውም ባትሪዋ መሞቻ የላትም። መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም አንቺ ምን አገባሽ?”

“ውስጧ ያው ነው?”

“አቦ ፋራ አትሁኚ፣ ያው ነው!”

አክስቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከአፉ ተቀብላ፣ “በይ፣ ሠርተሽ ብዪባት፤ እጅሽን ይባርከው” ብላ ላፕቶፗን በሁለት እጇ አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

በእኛ ቤት ዘመድ ያመጣውን ዕቃ እሱ ፊት ከፍቶ መፈተሽ ሌባ ነህ ከማለት አይተናነስም። የባዳ ሱቅ ቢሆን ኖሮ ቆሜ ሆዷን አስከፍቼ ባየሁ። የተመረቀ ዕቃማ እንዴት ይፈተሻል? እሱ ከሄደ በኋላም አላየሁም። ማየቱ ራሱ ሐሜት መሰለኝ።

መጀመሪያ ላይ ደግሞ ምንም አላጎደለችብኝም። ምስሉን ጥራቱን ቀንሼ በትንንሽ ቅጂ ስለምቆርጥ ቀለል ያለ ሥራ ነው፤ እሷም ፈጣን ናት። የሰፈሩ መብራት በየጊዜው ሲቋረጥ ጎረቤቱ ስልኩን የት እንደሚሰካ ይጨነቃል፣ እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ እቆርጣለሁ። እንዲያውም ኮራሁባት።

ጉዱ የመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ስብሰባው እሁድ ነበር። የተቆራረጠውን አንድ ወጥ ፊልም አድርጋ እንድታወጣልኝ አዘዝኳት። ጥሩ ጀመረች። ጥቂት ቆይታ መጎተት፣ ከዚያ መዳህ ያዘች። እጄን ባሳርፍባት ሆዷ እንደ ካውያ ይፋጃል። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ጸጥ። ማራገቢያ የሚባል ነገር የላትም።

ያን ጊዜ ከፍቼ የፕሮሰሰሯን፣ የአንጎሏን ማለት ነው፣ ዓይነት አየሁ። እስኪ እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ? ስማቸው ያው ኮር ሰቨን ሆኖ፣ ትንሽ ኤሌክትሪክ እንዲበሉ ተብለው የሚሠሩ ፕሮሰሰሮች አሉ። ደብዳቤ ለሚጽፍ፣ ኢሜይል ለሚያይ፣ ሲዘዋወር ለሚውል ሰው ግሩም ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ያለ ቻርጀር ያውላሉ፣ አይጮሁም። ረጅም ከባድ ሥራ ሲጭኑባቸው ግን ይግላሉ፤ ሲግሉ ደግሞ እንዳይቃጠሉ ብለው ራሳቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። የእኔዋም ያደረገችው ይሄንኑ ነው። በሷ አልፈርድም። ለማን እንደምትሆን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው ለእኔ የሰጠኝ።

ደወልኩለት።

“ኮር ሰቨን ናት አልኩሽ፤ አይደለችም እንዴ?” አለኝ።

“ውስጧ ያው ነው ብለኸኝ ነበር እኮ!”

“እና በቃ፣ ቀስ ብላ ትጨርስልሻለች። ምን ታካብጃለሽ? ደንበኛ ቆሞብኛል።” ዘጋው።

ፎቶ ቤቱም ባለቤቱ ክፍለ ሀገር ሄዶ ዝግ ነው። እርጥብ ጨርቅ ጨምቄ ከሥሯ አነጠፍኩላት፤ በካርቶን አራገብኩላት። በየመሀሉ እየቆመች፣ እንደገና እያስጀመርኳት ዋለች፤ አደረች። እሁድ ጠዋትም ከቧንቧው በላይ ካለው ከላይኛው መንደር አላለፈችም። እንባዬ እየወረደ አክስቴ ጋ ገባሁ።

“እቴቴ፣ ልጅሽ ጉድ ሠራኝ!”

ሻሿን እያሰረች ነበር። “እኔማ ብዬው ነበር” አለች፤ “ለሷ የተባለውን ለሰው አትስጥ ብዬው ነበር። የእጮኛው ወንድም ፈለገው፣ ምን ላድርግ አለኝ።”

እንባዬ ቀጥ አለ። “ታውቂ ነበር?”

የሻሿን ጫፍ ወደ ኋላ አዞረች።

“ያን ቀን፣ ጭኔ ላይ ስታስቀምጪልኝ፣ ታውቂ ነበር?”

“እንዳትጣሉብኝ ብዬ ነዋ! እሱ እኮ ልጄ ነው፤ የት ልጣለው?”

“እኔስ?”

ሻሿን አስራ ጨረሰችና ነጠላዋን አነሣች።

ከሰዓት፣ ለስብሰባው በተተከለው የእድሩ ድንኳን ውስጥ ያለቀውን ያህል አሳየሁ። ሰዉ መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ በር በመጣ ቁጥር ይስቃል፣ “ልጅሽን እዪዋት፣ ያቺን ፌንጣ!” ይባባላል፣ ያለቅሳል። ቧንቧው ጋ ስንደርስ ፊልሙ ቆመ። ከቧንቧው በታች ያለው መንደር የለም። አንዲት የታችኛው መንደር አሮጊት ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ “ልጄ፣ የእኛ በር ገና ነው?” አሉኝ።

“አላለቀልኝም እማማ።”

“አይ፣ እንግዲህ…” ብለው ተቀመጡ። ዳኛው ወደ እኔ አላዩም፤ ተነሥተው ስለ እድሩ ዕቃ ክፍፍል መናገር ጀመሩ። የአክስቴ ልጅ ከኋላ ቆሞ ነበር። ሲያጨበጭብ አየሁት።

የቀረውን በኋላ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ፈቅዶልኝ በእሱ ኮምፒውተር ጨረስኩና በቴሌግራም ላክሁ። ያን ጊዜ ሰፈሩ ፈርሶ፣ ሰዉ በየአቅጣጫው ሄዷል። አሮጊቷ ቪዲዮ የሚያሳይ ስልክ የላቸውም፤ የት እንደገቡም የሚነግረኝ አላገኘሁም።

አክስቴ ጎተራ አካባቢ፣ ልጇ የተከራየው ኮንዶሚኒየም ገባች። ዘመድ ሊጠይቃት ሲመጣ የሰፈራችን ፊልም ነገር ይነሣል። እሷም፣ “ያው ትምህርት ስለሌላት ሥራው ከበዳት እንጂ ልጄስ ጥሩ ዕቃ ነበር የሰጣት” ብላ ለሁሉም ትነግራለች።