መስኮቱ ተዘግቶ እስከ መርሳ

ሥራሽ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው መስኮት መክፈት ነው ብል ውሸት አይሆንም። በወረቀት ላይ ወልዲያ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክሊኒክ ነርስ ነኝ። በተግባር ግን ከዶርም ዶርም እየዞርኩ መስኮት እከፍታለሁ፤ ጀርባዬን ስሰጥ ተማሪዎቹ መልሰው ይዘጉታል። በአንድ ክፍል ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ላይ ተጣበው ነው የሚተኙት። አንዷ ማሳል ስትጀምር የቀሩት መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር፣ ንፋስ እንዳይመታት ብለው መስኮቱን ጥርቅም ማድረግ ነው። ከዚያ ጋቢ ይደርቡላታል። ከሌላ ሕንፃ ሊጠይቁ የመጡት ደግሞ አልጋው ላይ ይደረደራሉ፤ የታመመ ሰው ሳይጠይቁ መቅረት ነውር ነው። ለዚህ ደግነታቸው ላመሰግናቸው እንጂ ልቆጣቸው አይገባም ነበር። እኔ ግን እቆጣለሁ። ደክሞኛል።

አንድ ሰሞን እከክ ነው፣ አንድ ሰሞን ተቅማጥ፤ ውሃ ሲጠፋ ሁለቱም ተያይዘው ይመጣሉ። ለእነዚህስ መድኃኒት ሰጥቼ፣ አንሶላችሁን በፈላ ውሃ እጠቡ ብዬ እገላገላለሁ። ቲቢ ግን እንዲህ በዋዛ የሚለቅ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ከሩቅ አገር የመጣች አንዲት ተማሪ ቲቢ ተገኘባት። መድኃኒት አስጀመርናት፣ ለጊዜው ለብቻዋ የምታድርበት ክፍልም ተሰጣት። ለእሷ አልሰጋሁም። የሰጋሁት ከላይኛው አልጋ ለምትተኛው ጓደኛዋ ነው። ይቺኛዋ የሀብሩ ልጅ ነች፤ ቤተሰቦቿ መርሳ አጠገብ ያርሳሉ። የታመመችው ዘመድ አጠገቧ የለም ብላ እናትም እህትም ሆናላት ከርማለች። በሽታው ከመታወቁ በፊት ስታስል አጠገቧ የምታድረው እሷ፣ አጥሚት ከውጭ አሠርታ የምታመጣላት እሷ፣ መስኮቱን የምትዘጋውም እሷው ነበረች። አሁን ደግሞ ራሷ ማሳል ጀምራለች።

"አክታሽን ስጪና ይመርመር" አልኳት ሐሙስ ዕለት ክሊኒክ አስጠርቼ።

"ጉንፋን ነው ሲስተር። አቧራው ነው።"

"ጉንፋን ይህን ያህል አይከርምም።"

"እሺ፣ ሰኞ እሰጣለሁ። ወላሂ ሰኞ!"

ሰኞ እሰጣለሁ ብለው የጠፉብኝ ተማሪዎች ቢሰበሰቡ አዳራሽ ይሞላሉ። እጇን ይዤ ልጎትታት አልችልም። መከርኳት፣ ለመንኳት፣ በመጨረሻ ተውኳት።

ቅዳሜ ጠዋት መርሳ ወዳለው ቤቴ ልሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ገና ሳልደላደል ልጅቷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ፌስታል አቅፋለች፣ ፊቷ በደስታ በርቷል። መኪናው ከወልዲያ ሳይወጣ ወሬዋን ጀመረችልኝ። እህቷ ወልዳለች። ነገ አቂቃ ነው፤ በግ ታርዶ ለሕፃኑ ስም ይወጣለታል።

"ስንት ዓመት ዱዓ ተደርጎበት የመጣ ልጅ እኮ ነው ሲስተር! ስሙን አንቺ ነሽ የምታወጭው ብላ እህቴ ማንንም አላስነካች። አሁን ስገባ ከእቅፌ አላወርደውም። ሌሊትም ከእኔ ጋር ነው የሚያድረው፣ እሷ ትንሽ እንቅልፍ ታግኝ።"

ይህን ብላ ሳትጨርስ ሳል ጀመራት። ሐሙስ ዕለት ክሊኒክ ቆመን ስንከራከር ይህ ሕፃን መኖሩን አላውቅም ነበር።

ሚኒባሱ ጢም ብሏል፣ መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። በእሷ በኩል ያለውን እጄን አሳልፌ ሳብ አድርጌ ከፈትኩት። ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዞረው ተቆጡኝ።

"ኧረ ተይ አንቺ ሴት! ልጅቷ እንዲህ እያሳላት ጭራሽ ንፋስ ልታስመቻት ነው?"

ረዳቱ እጁን ሰድዶ ዘጋው። ከኋላ ያለች አንዲት እናት ፎጣዋን አውልቃ ልጅቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት። የከፈትኩት በሳሉ ምክንያት ነው ብዬ መጮህ አማረኝ። ግን መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሀብሩ ሰው ነው፤ አንድ ቃል ቢያመልጠኝ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤቷ ይደርሳል። የዚያን ዕለት ይህን ሥራ ጠላሁት።

ስሪንቃ ላይ ሰው ሲወርድና ሲወጣ፣ ጫጫታውን ተገን አድርጌ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩ።

"ጉንፋን ሊሆን ይችላል። ጓደኛሽን የያዛትም ሊሆን ይችላል። አንቺ ብትታመሚ መድኃኒት አለሽ፣ ትድኛለሽ። ገና የተወለደ ሕፃን ግን አይችለውም። ውጤትሽ ሳይታወቅ አትቀፊው። አንድ ቤት ውስጥም አብራችሁ አትደሩ።"

ዞራ አየችኝ። እየቀለድኩ እንደሆነ ፊቴ ላይ ስትፈልግ ቆየች። ከዚያ በሻርፗ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ወደ መስኮቱ ዞረች። እስከ መርሳ ሳሏን ለማፈን ስትታገል ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መርሳ መናኸሪያ አባቷ ቆመው ይጠብቃሉ። ገና ሲያዩዋት እጃቸውን ዘርግተው መጡ። እሷ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

"አባ፣ ድንገት ፈተና ተጠራ። አሁኑኑ ልመለስ ነው። እህቴን እንኳን አላህ ማረሽ በሉልኝ።"

ፌስታሉን እጄ ላይ ጥላ፣ ወደ ወልዲያ ሰው እየጫነ ወዳለው መኪና ሮጠች። ወደ ኋላ አልዞረችም። እያለቀሰች እንደሆነ ከአረማመዷ ያስታውቅ ነበር። ኮራሁባት፤ ልቤም ተሰበረ።

አባቷ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀርቷል።

"አብራችሁ ነው የመጣችሁት ልጄ" አሉኝ። "ምን አድርገናት ነው?"

"ምንም አላደረጋችኋትም አባቴ። ፈተና ነው።"

"ፈተናው አባት እስኪሳም አይጠብቅም? ተምራ ናቀችን ማለት ነው?"

"ኧረ በጭራሽ! እሷ እናንተን አትንቅም።"

"ታዲያ ምን ሆነች?"

መልሱ አፌ ላይ ነበር። የታካሚን ነገር ያለ ፈቃዷ ላልናገር ቃል ገብቻለሁ፤ እሷ ደግሞ አልፈቀደችልኝም። ፌስታሉን ሰጠኋቸው። ከውስጡ አንዲት በክር የተሠራች ነጭ የሕፃን ኮፍያ አወጡ። ጣታቸውን ከትተው ዘረጓት፣ ገለባበጧት፣ ከዚያ አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት።

"በጉ ታስሯል፣ እንግዳ ተጠርቷል" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከእኔ አሽሽተው። "ለዚያች አራስ ምን ብዬ ልግባ? ልጁንስ ነገ ማን ብለን እንጥራው?"