ተውኔቴን ይዤ ወደ ወረታ

ኅዳር አጋማሽ ላይ ከአዲስ አበባ የተነሣሁት አንድ አሮጌ ደብተር ይዤ ነው። ደብተሩ በወጣትነቴ የጻፍኩት ተውኔት ነው፤ አልታተመም፣ ሌላ ቅጂም የለውም። ያኔ እኔና ጓደኞቼ የሙከራ ቲያትር እንሠራ ነበር። ተዋንያኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጀርባቸውን ለተመልካች ሰጥተው ነበር የሚጫወቱት። ሦስት ቀን ታየና ቀረ። አሁን ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከመሞቴ በፊት አንድ ጊዜ ቃል ሳይጎድልበት መድረክ ላይ ባየው ብዬ እመኛለሁ። ወረታ በመምህርነት የተመደበችው የቀድሞ ተማሪዬ ትዕግስት ይህን ታውቃለች። «ጋሼ፣ እዚህ ያሉት ልጆች እንደ እናንተው ያበዱ ናቸው፤ ይዘውት ይምጡ» ብላ ደወለችልኝ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሁለት ጊዜ ጠይቄ ተነሣሁ።

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ

እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ሄጄ አደርኩ። በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሐሙሲት ላይ ሽንኩርት በጆንያ ተጫነና ጉልበቴን የማሳርፍበት ጠፋ። የጉማራን ወንዝ ስንሻገር ግን የፎገራ ሜዳ ፊት ለፊታችን ተዘረጋ፤ የመቀመጫውንም ነገር ረሳሁት። ሩዙ ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ቆሟል። በታጨደው መሬት ላይ ጓያ ብቅ ብሏል።

አጠገቤ የተቀመጡት ሸምገል ያሉ ገበሬ ለምን እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ለቲያትር ነው አልኳቸው።

«አይ ቲያትር!» አሉ እየሳቁ። «ሰሞኑን ልጆች መጥተው ማሳዬ ዳር ቆመው ሲያዩን ዋሉ። ማጭድ ብሰጣቸው እሽ ብለው እስከ ማታ አጨዱልኝ። ምንድን ናችሁ ብላቸው ቲያትር እየሠራን ነው አሉኝ። ይኸማ ከሆነ በየዓመቱ ይምጡልኝ!»

ትዕግስት ያበዱ ናቸው ያለችኝ እነዚህኑ መሆን አለባቸው።

መጋዘኑ

ትዕግስት መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀችኝ። ሩዝ በተቀላቀለበት ነጭ እንጀራ ሽሮ በላን፤ ለሁለት ሰው ሁለት መቶ ሰማንያ ብር። ከዚያ ወደ ልምምዱ ቦታ ወሰደችኝ። ከሩዝ መፈልፈያ ቤት ጀርባ ያለ ባዶ መጋዘን ነው፤ መፈልፈያው ሲነሣ ማንም የማንንም ድምፅ አይሰማም። ልጆቹ ስድስት ናቸው።

«ጽሑፋችሁ የታለ?» አልኩ።

«ጽሑፍ የለንም፣ ጋሼ» አለች ሰብለ የምትባል ሃያ ዓመት ገደማ የሆናት የገበሬ ልጅ። «አንድ ነገር እናደርጋለን፤ ደጋግመን እናደርገዋለን። ካልሰለቸን እናቆየዋለን።»

ትንፋሽ የት ላይ እንደሚወሰድ ሳይቀር የምጽፍ ሰው ነኝ። ደሜ ፈላ። ግን እኛም በዕድሜያቸው ሳለን «ይህ ቲያትር አይደለም» ስንባል ነው የኖርነው። ደብተሩን ሰጠኋት።

ሰብለ ቆማ ማንበብ ጀመረች። ድምፅዋ ያምራል፤ ደስ አለኝ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ እንዲህ ብላ አነበበች፦ «ወይንሸት እዚህ ላይ ትስቃለች። ምን እንደሚያስቃት አልገባኝም። ይህ ሳቅ ይቁም።»

«ቆዪ!» አልኩ። «ኅዳጉ ላይ ያለው አይነበብም። እሱ የራሴ የልምምድ ማስታወሻ ነው።»

«ተውኔቱ አይደለም እንዴ?» ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረገች። «በየገጹ አለ እኮ። ‹ዛሬም ሳቀች።› ‹ተቆጣኋት።› ‹ዛሬ አልሳቀችም፤ ጥሩ።› ጋሼ፣ ወይንሸት ማን ናት?»

መፈልፈያው ቆሞ ስለነበር ሁሉም ይሰማሉ። ነገርኳቸው። ወይንሸት ዋና ተዋናያችን ነበረች። ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ ስትቆም ሳቅ ያመልጣታል። እኔ ደግሞ አዲስ ነገር እየሠራሁ ነው ብዬ ፊቴን ያኮሳተርኩ ልጅ ነበርኩ፤ ሳቅ ሥራዬን የሚያቀልብኝ መሰለኝ። ሦስተኛው ቀን ካለቀ በኋላ ቲያትር ትታ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፈተች። አምና ዐረፈች። እወዳት ነበር፤ ለእሷም ሆነ ለሌላ ሰው ተናግሬው አላውቅም። ለልጆቹም ይህን የመጨረሻውን አልነገርኳቸውም፤ ስሟን ግን ከሚያስፈልገው በላይ ደጋግሜ ጠራሁ።

ልጆቹ እርስ በርስ ተንሾካሾኩ። በመጨረሻ ሰብለ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ አይቆጡን። ንግግሩን ልንሠራው አንችልም፤ አፋችን ላይ አይቀመጥም። ይኸን የዳሩን ግን እንሠራዋለን። አንዲት ሴት ትስቃለች፣ አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቃታል። እርስዎ ያስቆሙትን እኛ አናስቆመውም።»

«ተውኔቴስ?»

ሰብለ ደብተሩን ዘግታ ዘረጋችልኝ። ተቀብያት ወጣሁ።

ትዕግስት ተከትላኝ መጣች። ከተማው ጫፍ ድረስ ሄድን። ማሳው ላይ ሰዎች ነዶ ይሸከማሉ። ለዚህ ነው እንዴ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ብዬ አዘንኩ፣ ተናደድኩም።

«ጋሼ» አለች ትዕግስት ቀስ ብላ፣ «ይዘውት ቢመለሱ ማን ያነበዋል?»

ከእኔ ሌላ የሚያነበው የለም። ከዚያ ወደ መጋዘኑ ተመልሼ ደብተሩን ለሰብለ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

አዲስ አበባ

በመጣሁበት መንገድ ተመልሼ ቤቴ ገባሁ። ምን ተምረህ መጣህ ለሚሉኝ፣ ወጣቶች ከእኛ የሚወስዱትን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው እላለሁ። እንዲህ ስለው ቀላል ይመስላል፤ እኔን ግን አሞኛል።

ከሳምንት በኋላ ሰብለ ደወለች። ከዳሩ የሠሩትን ለይፋግ ገበያተኛ ሊያሳዩት ነው።

«ጋሼ፣ ልምምድ ላይ ተከራክረን ነው የደወልኩ። ደብተሩ ላይ የዝምታው ልክ ሳይቀር ተጽፏል፤ የሳቁ ግን የለም። ወይንሸት ስትስቅ ምን ያህል ትቆይ ነበር?»



«አላውቅም፣ ልጄ» አልኳት። «አንድም ቀን አስጨርሻት አላውቅም።»