በሠላሳኛው ቀን የመለስኩት ሸክላ

ፍኖተ ሰላም ፖስታ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊያችን አቶ ሙላት በአንድ እጃቸው የቀን ማህተም፣ በሌላው ወፍራም መዝገብ ይዘው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። «ዘነበች፣ ማህተም ማንም ይመታል። ይህን መዝገብ ግን አንድ ቀን ብታዛቢው ዓመቱን ሙሉ ተዛብቶ ይኖራል» አሉኝ። ከውጭ አገር የሚመጡ ጥቅሎች የሚመዘገቡበት ነበር። የመጀመሪያውን መስመር አጣመምኩት፤ ገጹን በሙሉ እንደገና አስጻፉኝ። በጣም ተናደድኩባቸው። ዓመታት ሲያልፉ ግን በጥብቅነት ከእሳቸው የባስኩ ሆንኩ።

ጥቅሉ እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ጉምሩክ ይከፍተዋል፣ ዋጋውን ይተምናል፣ የቀረጡን ወረቀት ይለጥፍበታል። የእኛ ሥራ ለባለቤቱ ማስታወቂያ መላክ፣ መታወቂያውን ማየት፣ ቀረጡን ተቀብሎ ደረሰኝ መስጠትና ማስፈረም ነው። የከተማውን ሰው በስልክ እንጠራዋለን። ለገጠሩ ሰው ቅዳሜ ገበያ ከአገሩ የመጣ ተፈልጎ «ለእገሌ አድርስ» ይባላል። ባለቤቱ በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልመጣ ጥቅሉ ወደ ላኪው ይመለሳል።

ከሁሉም የሚያጨቃጭቀን ሙዚቃ ነበር። በስልክ ሁሉ በሚሰማበት ዘመን ሸክላና ሲዲ ከባሕር ማዶ የሚያስመጡ ጥቂት ሰዎች ነበሩን። አንድ የቡሬ ፋርማሲስት ሻጩን «ስጦታ ነው ብለህ ጻፍልኝ» ብሎት ኖሮ፣ ጉምሩክ ካርቶኑ ውስጥ የግዢውን ደረሰኝ አገኘው። ቀረጡ ማጓጓዣው ላይ ጭምር ተሰልቶ መጣ።

«እህቴ፣ ማጓጓዣ ደግሞ ምን ቀረጥ አለው? አውሮፕላኑን ነው እንዴ የማዳምጠው?» አለኝ።

ሳቅሁ እንጂ አንድ ሳንቲም አልቀነስኩለትም፤ መቀነስም አልችልም። ሰውዬው ወጥቶ ቀረ። ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፣ የቀረጡን ወረቀት ሲያዩ ይጠፋሉ። እኔም የጠፋ ሁሉ ከቀረጥ የሸሸ ነው ብዬ ማመን ለመድኩ።

አቶ ሙላት ጡረታ ሲወጡ በቦታቸው እኔ ተተካሁ። በዚያ ሰሞን አንድ ቅዳሜ፣ ከፈረስ ቤት ከተማ ወጣ ካለ ገጠር የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡ። አቶ ካሴ ይባላሉ።

«ልጄ፣ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ አለኝ። ቀረጡ ስንት ይሆን?»

«አባባ፣ ሳይመጣ አይታወቅም። ምን ዓይነት ዕቃ ነው?»

ግራ ቀኙን አዩ። «ሙዚቃ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ምነው አባባ፣ ሊድሩ ነው እንዴ?»

«መዳሩንስ ድሬ ጨረስኩ። ለባለቤቴ ነው። ጆሮዋ እንዳይገባ አደራ!»

ቀረጡ በዕቃው ዋጋና በማጓጓዣው ላይ እንደሚሰላ አስረዳኋቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያውስ አንዷ በግ ሳትሸጥ ትቆየኝ» ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው መጡ። «አልመጣም?» ይላሉ። «አልመጣም» እላለሁ። በመጨረሻ ሰለቸኝ፣ እውነቱን ልናገር። «አባባ፣ ሲመጣ ማስታወቂያ እልክልዎ የለም? ለምን ይመላለሳሉ?» አልኳቸው። «እሺ ልጄ፣ አታስቸግር ነው ያልሽኝ» ብለው ዱላቸውን አነሱ። ሁለተኛ አላየኋቸውም።

ጥቅሉ ከስድስት ሳምንት በኋላ ደረሰ፤ ስስ፣ አራት ማዕዘን ካርቶን ነበር። ማስታወቂያው ላይ በትልልቁ «የሙዚቃ ሸክላ። ቀረጥ ከፍለው ይውሰዱ» ብዬ ጻፍኩና ፈረስ ቤት ለሚመላለስ የእህል ነጋዴ ሰጠሁት። ነጋዴው ሰውዬውን አያውቃቸውም፤ ለሚያውቃቸው እሰጣለሁ ብሎ ኪሱ ከተተው። ወረቀቱን አላሸግሁትም። አሽገን አናውቅም።

አሥር ቀን አለፈ፣ ሃያ ቀን አለፈ። ዕቃው ሳይመጣ በየሳምንቱ የሚያስጨንቁኝ ሰው ሲመጣ ድምፃቸው ጠፋ። «አባባም ከቀረጥ ሸሹ» አልኩ በልቤ። ወድጃቸው ስለነበር ቅርም ብሎኛል። ኃላፊ አሥራ አምስት ቀን የመጨመር ሥልጣን አለው፤ ኃላፊዋ ደግሞ እኔ ነበርኩ። አልጨመርኩም። በሠላሳኛው ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ የመመለሻውን ማህተም መታሁበት።

በሳምንቱ አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት ከአንድ ጎልማሳ ጋር ገቡ። ጎልማሳው አዲሱ የሚባል መምህር ነው፤ ፈረስ ቤት ሲያስተምር ቆይቶ ወደ ሽንዲ ተዛውሯል። ሴትየዋ የአቶ ካሴ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩ ናቸው።

አቶ ካሴ የሞቱት ጥቅሉ እኛ ዘንድ ከመድረሱ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ነበር። የእኔ ወረቀት የደረሰው ለቅሶ ቤት ነው። ከለቀስተኛው ፊደል የቆጠረ አንድ ሰው ጮክ ብሎ አነበበው። ሬሳ በወጣበት ቤት ሙዚቃ ሲባል የሟች ወንድም «በኀዘናችን የሚቀልድ ማነው?» ብሎ ቀደደው። ነገሩን የሚያውቀው መምህር አዲሱ ብቻ ነበር፤ እሱም መርዶውን ዘግይቶ ሰምቶ የደረሰው በአርባቸው ዕለት ነው።

«አቶ ካሴ በወጣትነታቸው አውድማ ላይ በሬ እየነዱ ሲዘፍኑ አንድ የውጭ አገር ሰው ቀድቷቸው ነበር» አለኝ። «አንድ ቀን ይህንኑ አጫወቱኝ። ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ ዘፈኑ የታተመበትን ሸክላ የሚሸጥ ሱቅ አገኘሁ። ሽፋኑ ላይ መንሽ ይዘው የቆሙት ራሳቸው ናቸው። ውጭ ያለችው እህቴ ከፈለችና አዘዝንላቸው።»

ወይዘሮ ጥሩ ቀጠሉ። «ገና ሳንጋባ ነው ልጄ። አውድማው ዳር ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ከተጋባን ወዲያ ዝፈንልኝ ብለው ያፍራል። ድምፁን እንኳ ልስማው ብዬ ነው የመጣሁት።» የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። «በጓን ሸጥናት። ቀረጡ ይኸውና።»

ገንዘቡን ማየት አቃተኝ። «እማማ፣ ተመልሷል» አልኩ።

«ተመልሷል ማለት?»

«ወደ መጣበት አገር ሄዷል። ሳምንት ሆነው። የሚቆየው ሠላሳ ቀን ነው።»

«ሠላሳ ቀን?» አሉ። «አርባውን ሳላወጣ እንዴት አድርጌ ከደጄ ልውጣ ኖሯል?»

እሳቸው ግን አልተቆጡኝም፤ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «አንቺስ ሰምተሽዋል? ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አልሰማሁም እማማ። የታሸገ ነበር።»

ወዲያው አዲስ አበባ ደወልኩ፤ ጥቅሉ ከአገር ወጥቷል። መምህር አዲሱ ለሻጩ ጻፈ። ከወር በኋላ መልስ መጣ፦ ሸክላው እንደደረሰ ለሌላ ገዢ ተሽጧል፣ የነበራቸው እሱ ብቻ ነበር። ይህን በስልክ ለመንገር ስላፈርኩ ፈረስ ቤት ድረስ ሄጄ ነገርኳቸው። ወይዘሮ ጥሩ «ደክመሻል» ብለው እህል አቀረቡልኝ። ፊታቸው አለቀስኩ።

ማንም አልከሰሰኝም። የሠራሁት ሁሉ በደንቡ ነው። ሴትየዋ ግን የባላቸውን ድምፅ ሳይሰሙ የቀሩት በእኔ ነው። አሁን በፖስታ ቤቱ መስኮት ለተቀመጣችሁ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ባለቤቱ ያልመጣለትን ጥቅል ከመመለሳችሁ በፊት፣ ሰውየው በሕይወት መኖሩን ጠይቁ።